«ቁረጠውና ተገላገል» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ፦ ስለ ወጣት ሲኮች ፀጉር

በውጭ አገር ከሲክ ሃይማኖት ተከታይ ቤተሰቦች ጋር ተጎራብተው የሚኖሩ አንድ የአገራችን ሰው ሰሞኑን በአማርኛ ባወጡት ጽሑፍ፣ ፀጉሩን ሳይቆርጥ ለማቆየት ወይም ለመተው የሚያመነታን ወጣት ሲክ «ቁረጠውና ተገላገል» ሲሉ መክረዋል። ምክሩ ከክፉ ልብ የመነጨ አይደለም፤ ከልጃቸው ጋር አንድ ክፍል የሚማር ታዳጊ በጥምጥሙ ምክንያት ሲሰደብና ሲገፈተር አይተው፣ አዝነው እንደጻፉት ራሳቸው ገልጸዋል። ያቀረቧቸው ምክንያቶች በአጭሩ እነዚህ ናቸው፦ የሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ ራሱ ፀጉርን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ፀጉር ማሳደግ ያለፈ ዘመን የጦር ሜዳ ምልክት ነው፤ በዛሬው ዓለም ለአደጋ ያጋልጣል፤ ወላጆች ልጁን ሳይጠይቁ የጫኑበት ሸክም ነው፤ ፀጉር ተመልሶ ስለሚያድግ ቢቆረጥ የሚጎድል ነገር የለም፤ ማኅበረሰቡም የቆረጠውን ስለሚያገልል አንዴ ወስኖ መውጣት ይሻላል።

ወጣቱ ፀጉሩን የግድ ማቆየት አለበት የሚል አቋም የለኝም። ውሳኔው የእርሱ ነው። ነገር ግን ውሳኔው በእርግጥ የእርሱ እንዲሆን ከፈለግን የሚተወው ነገር ምን እንደሆነ ሳይዛባ ሊነገረው ይገባል። መቁረጥን የነፃነት፣ ማቆየትን የግዳጅ መንገድ አድርጎ ማቅረብ ደግሞ ምርጫውን ቀድሞ በእርሱ ፋንታ መምረጥ ነው። ጸሐፊው ያደረጉት ይህንኑ ስለሆነ፣ ምክንያቶቻቸውን አንድ በአንድ ማየት አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያውና ጠንካራው ምክንያታቸው ከመጽሐፍ የተወሰደው ነው። ሲኮች እንደ ሕያው መምህር የሚያከብሩት ጉሩ ግራንት ሳሂብ 1,430 ገጾች ያሉት የመዝሙር መጽሐፍ ሲሆን፣ ጉሩ ከተባሉት የሃይማኖቱ መምህራን መዝሙሮች ሌላ የሌሎች ቅዱሳን ሰዎች ቅኔዎችም ይገኙበታል። ከእነዚህ አንዱ የባናራስ ከተማው ሸማኔ ካቢር ነው። ጸሐፊው የጠቀሱት ቅኔው በአማርኛ ሲቀርብ ሐሳቡ «ፍቅርህን ለአንዱ ካደረግህ ሌላው ማመንታት ሁሉ ይወገዳል፤ ብትወድ ፀጉርህን አስረዝም፣ ብትወድ ሙልጭ አድርገህ ተላጭ» የሚል ነው። ከዚህ ተነሥተውም «መጽሐፋቸው ግድ ያላለውን ነገር ሽማግሌዎቹ ለምን ግድ ይላሉ?» ብለው ይጠይቃሉ።

ጥቅሱ በእርግጥ አለ። ካቢር ግን በዙሪያው ያያቸው የነበሩት ሁለት ዓይነት ሰዎች ነበሩ፦ ፀጉራቸው ሳይበጠር ተገምዶና ተጣብቆ እንዲያድግ የሚተዉ ባሕታውያን፣ እንዲሁም ራሳቸውን የሚላጩ መናንያን። አንዱ በርዝመቱ፣ ሌላው በመላጨቱ ወደ አምላክ የሚቀርብ ይመስለው ነበር። ካቢር የገሠጸው ሁለቱንም ነው፤ ፍቅር ከሌለ ፀጉር ማስረዘም እንደማይጠቅም ሁሉ መላጨትም አይጠቅምም ይላል። ይህን ቅኔ ለመቀስ ጠበቃ አድርጎ ማቆም ግማሹን አስቀርቶ ግማሹን ማንበብ ነው። ከዚያም በላይ የአባታቸውን የጉሩ ቴግ ባሃዱርን መዝሙሮች ጨምረው መጽሐፉን የመጨረሻ መልኩን ያስያዙትና፣ በ1708 ከማረፋቸው በፊትም ከእርሳቸው በኋላ መምህሩ ይኸው መጽሐፍ እንዲሆን የወሰኑት ዐሥረኛው ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ ናቸው። ተከታዮቻቸው ፀጉራቸውን እንዳይቆርጡ ያዘዙትም እርሳቸው ናቸው። የካቢርን ቅኔ ያውቁት ነበር፤ በመጽሐፉ ውስጥ እንዳለም አጽንተውታል። ሁለቱን ትምህርቶች የሚያጋጭ ሰው በመጀመሪያ ለዚህ መልስ ሊያገኝለት ይገባል።

በዚሁ ነጥብ ሥር ጸሐፊው መሥራቹን ጉሩ ናናክን፣ ከ1469 እስከ 1539 የኖሩትን፣ ውጫዊ ምልክትን ሁሉ የነቀፉ አድርገው አቅርበዋል። ማስረጃቸውም ናናክ በልጅነታቸው ከፍ ያለ ዘር ያላቸው ሂንዱዎች በትከሻቸው የሚያስሩትን የጥጥ ክር አልቀበልም ማለታቸው ነው። ናናክ ስለ ክሩ በዘመሩት ውስጥ የሚጠይቁት ጥጡ ርኅራኄ፣ ፈትሉ መርካት፣ ቋጠሮው ራስን መግዛት፣ ድውሩ እውነት የሆነ፣ የማይበጠስ፣ የማይቆሽሽ፣ የማይቃጠል ክር ነው። የነቀፉትም በገበያ የሚገዛውን፣ የሚያረጀውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለአንዱ ዘር ተሰጥቶ ለሌላው የሚከለከለውን ምልክት ነው። ፀጉር በዚህ ሚዛን ሲመዘን ከክሩ ጋር አይመሳሰልም። ለሸማኔውም ለመኳንንቱም፣ ለሴቷም ለወንዱም ያለ ዋጋ ይበቅላል። በ1699 በቫይሳኪ በዓል ቀን በአናንድፑር ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ «ራሱን የሚሰጠኝ ማነው?» ብለው ሲጠሩ እንደ ወጉ የተነሡት አምስት ሰዎች ከተለያየ ዘር የመጡ ነበሩ፤ አንደኛው ውኃ ቀጂ፣ አንደኛው ጨርቅ አታሚ፣ አንደኛውም ፀጉር አስተካካይ ነበር። በዘመኑ ሥርዓት ዝቅ ተደርጎ የሚታየው ባለ ምላጭ፣ ከሌሎቹ ጋር ከአንድ ሳሕን አምሪት የተባለውን ጣፋጭ ውኃ ጠጥቶ «ሲንግ» የሚለውን ስም ተቀበለ። ያ ቀን ካልሳ የተባለው ማኅበር የተመሠረተበት ቀን ነው። አባላቱ የሚጠብቋቸው አምስት ነገሮችም ያልተቆረጠ ፀጉር፣ የእንጨት ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቁምጣ እና ኪርፓን የተባለው ሰይፍ ናቸው።

ጸሐፊው ነገሩን ለአገራቸው አንባቢ ለማቅረብ ሲሉ ሲኮችን ከሶምሶን ጋር አመሳስለዋል፤ ፀጉር ሲቆረጥ ኃይል የሚጠፋ ይመስላቸዋል በማለት። ሲኮች እንዲህ አያምኑም። ለእነርሱ ፀጉር የኃይል ምንጭ ሳይሆን ፈጣሪ የሰጠውን አካል ሳያርሙ መቀበል፣ በእርሱም ፈቃድ ሥር መኖር ነው። ማበጠሪያው ከፀጉሩ ጋር አብሮ የታዘዘውም ያለ ምክንያት አይደለም። የባሕታዊው ፀጉር የማይበጠረው ዓለምን ስለተወ ነው፤ ሲክ ግን ሚስት አግብቶ፣ ሠርቶ፣ ግብር ከፍሎ፣ ጎረቤቱን መግቦ እንዲኖር የታዘዘ ነውና ፀጉሩን በቀን ሁለት ጊዜ አበጥሮ በሥርዓት ይይዘዋል።

«ያለፈ ዘመን የጦር ሜዳ ምልክት» የሚለው ሁለተኛው ምክንያት ከፊል እውነት አለበት። ካልሳ በስደት ዘመን የተመሠረተና የታጠቀ ማኅበር ነበር፤ ከዚያም በኋላ የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ ጦር ለሲክ ምልምሎቹ ያልተቆረጠ ፀጉርንና ጥምጥምን ግዴታ በማድረጉ፣ የወታደርነት መልኩ ይበልጥ ጎልቷል። ይሁን እንጂ የፀጉር ነገር ሲነሣ ሲኮች አስቀድመው የሚያስታውሱት ወታደርን ሳይሆን ገበሬን ነው። በ1745 በላሆር የተገደለው ባይ ታሩ ሲንግ ጥፋቱ በጫካ ለተሸሸጉ ወገኖቹ እህልና መጠለያ መስጠቱ ነበር። የላሆሩ ገዥ ዛካሪያ ካን ሃይማኖቱን እንዲለውጥና ፀጉሩን እንዲቆረጥ ሲያስገድደው እምቢ አለ፤ የራስ ቅሉ ቆዳ ከነፀጉሩ ተገፈፈ። ሲኮች በየቀኑ ቆመው በሚጸልዩት አርዳስ በተባለው ጸሎት ውስጥ አካላቸው የተቆራረጠ፣ የራስ ቅላቸው የተገፈፈ፣ ሃይማኖታቸውን በፀጉራቸውና በመጨረሻ እስትንፋሳቸው የጠበቁ ሰማዕታት ይታወሳሉ። የሲክ ልጅ ይህን ጸሎት በአባቱ ክንድ ላይ ሆኖ መስማት ይጀምራል። እንዲህ ያለውን ነገር ጊዜው እንዳለፈበት የደንብ ልብስ መቁጠር፣ ልጁ የቆመበትን ቦታ አለማየት ነው።

ወደ አደጋው ጉዳይ ስንመጣ የጸሐፊው ሥጋት እውነተኛ ነው፤ እንዲያውም ከጻፉት በላይ የከፋ ታሪክ አለው። ጥቅምት 31 ቀን 1984 የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ በሲክ ጠባቂዎቻቸው ከተገደሉ በኋላ በነበሩት ቀናት፣ በመንግሥት ቆጠራ እንኳ በዴልሂ ብቻ 2,733 ሲኮች ተገድለዋል። በጥምጥማቸውና በፂማቸው እየተለዩ ስለታደኑ፣ ወላጆች ሕይወት ለማትረፍ ሲሉ በየቤታቸው በር ዘግተው የወንዶች ልጆቻቸውን ፀጉር ቆርጠዋል። እነዚያን ወላጆች የሚወቅስ ሰው ያለ አይመስለኝም። በአሜሪካም በመስከረም 15 ቀን 2001፣ ከኒው ዮርኩ ጥቃት አራት ቀን በኋላ፣ ባልቢር ሲንግ ሶዲ በአሪዞና ግዛት በሜሳ ከተማ በነዳጅ ማደያቸው ደጃፍ ጥምጥማቸውን ባየ ሰው በጥይት ተገድለዋል። በነሐሴ 5 ቀን 2012 ደግሞ በዊስኮንሲን ግዛት በኦክ ክሪክ የሲኮች ቤተ ጸሎት ውስጥ አንድ የነጭ የበላይነት አራማጅ ተኩሶ ስድስት ሰዎችን በዕለቱ ገድሏል።

ጸሐፊው ከእነዚህ ሁለት የአሜሪካ ግድያዎች ያወጡት ትምህርት «ፀጉራቸውን ቢቆርጡ ኖሮ» የሚል ነው። በኦክ ክሪክ ከሞቱት መካከል ሴት ነበረች፤ ገዳዩም የመጣው ወደ ቤተ ጸሎታቸው ነበር፤ ፀጉር መቁረጥ በዚያ ቤት ውስጥ ለነበሩት ምን ዋስትና ይሰጣቸው ነበር? የገዳዩን ጥፋት በተገዳዩ ራስ ላይ መፈለግ እኛም በስደት አገር የምናውቀው ነገር ነው፤ በቆዳችን ቀለም፣ በነጠላችን ወይም በሂጃባችን ምክንያት ስንሰደብ «እናንተም ብትቀይሩት» የሚለን ሰው አጥተን አናውቅም።

ደግሞም ጸሐፊው የዘነጉት አንድ ትልቅ ነገር አለ። የዛሬው ወጣት ሲክ ከአያቱ የተሻለ ጥበቃ የሚያገኘው ያልቆረጡ ሰዎች ስለነበሩ ነው። በእንግሊዝ አገር በዎልቨርሃምፕተን ከተማ የአውቶቡስ ሠራተኞች ጥምጥም አድርገው እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ከረጅም ክርክር በኋላ በ1969 ነው። በ1976 ጥምጥም ያደረገ ሲክ ሞተር ብስክሌት ሲነዳ የራስ ቁር እንዳይገደድ ሕግ ወጣ። በበርሚንግሃም አንድ የግል ትምህርት ቤት አንድን ልጅ ጥምጥሙን ካላወለቀና ፀጉሩን ካልተቆረጠ አልቀበልም በማለቱ የተነሣው ክስ፣ በ1983 በአገሪቱ ከፍተኛ የዳኝነት አካል ለልጁ ተፈረደ፤ ሲኮችም በዘር መድልዎ ሕግ እንደሚጠበቁ ተረጋገጠ። በካናዳ በ1990 ጥምጥም ያደረገ ሲክ በፌዴራል ፖሊስ ውስጥ እንዲያገለግል ተፈቀደ። የአሜሪካ ምድር ጦርም በ2017 ደንቡን አሻሽሎ ፀጉር፣ ፂምና ጥምጥም ያላቸውን ሲኮች በሰፊው መቀበል ጀመረ። ሁሉም በር ግን አልተከፈተም። ፈረንሳይ በ2004 ባወጣችው ሕግ ጥምጥም ያደረገ ተማሪ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይገባ ከልክላለች፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ በ2012 በአንድ የተባረረ ተማሪ ጉዳይ መብቱ ተጥሷል ብሎ ቢወስንም ሕጉ እስከ ዛሬ አለ። ለአንድ በፓሪስ ለሚኖር ወጣት ውሳኔው በቶሮንቶ ካለው ይልቅ እጅግ ከባድ ነው፤ ማንም ሲመክረው ይህን ሊያውቅለት ይገባል።

ስለ ትምህርት ቤቱ ልጅ ደግሞ ግልጽ ልሁን። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ በየቀኑ ጥምጥሙ እየተነጠቀበት «አልቻልኩም» ቢል፣ ወላጆቹ ሊሰሙት እንጂ በታሩ ሲንግ ታሪክ ሊያሳፍሩት አይገባም። ታሩ ሲንግ ያወቀውን አውቆ የወሰነ ጎልማሳ ነበር፤ አዋቂዎች ያላስቆሙትን ጥቃት ልጅ በሰማዕትነት እንዲሸከመው መጠየቅ ነውር ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው እርምጃ መቀሱ አይደለም። ጸሐፊው በዚያው ትምህርት ቤት ልጅ የሚያስተምሩ ወላጅ ናቸው፤ ግፍተራውንም በዓይናቸው አይተዋል። ምስክርነታቸው ቢጻፍ ሊደርስ የሚገባው ለትምህርት ቤቱ ኃላፊ ነበር፤ እርሳቸው ግን ምክራቸውን ለተገፈተረው ልጅ ላኩለት።

ቀጣዩ ነጥብ «ልጁ ሳይጠየቅ የተጫነበት ሸክም» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ሕፃኑ አልተጠየቀም። በ1945 የጸደቀው የሲኮች የኑሮ ደንብ ሬሃት ማርያዳ ወላጆች ከልጃቸው ጋር የተወለደውን ፀጉር እንዳይነኩ ያዛል። ጸሐፊው በክርስትና ያደጉ መሆናቸውን በጽሑፋቸው ገልጸዋልና እንዲያስታውሱት የምጠይቀው፣ በእኛም ዘንድ ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ክርስትና ሲነሡ ማተብ የሚታሰርላቸው ፈቃዳቸው ተጠይቆ አለመሆኑን ነው። ወላጅ ለልጁ ቋንቋ፣ ስም፣ ጾምና በዓል የሚሰጠው ልጁ መርጦ ሳይሆን የራሱን ያለውን ስለሚያካፍለው ነው፤ ልጁ ሲያድግ ያጸናዋል ወይም ይተወዋል። የሲኮች ደንብም ይህንኑ ልዩነት ያውቃል። ጸሐፊው ባይጠቅሱትም ያው ሬሃት ማርያዳ አምሪት የሚቀበለው ሰው በጣም ልጅ እንዳይሆን፣ ክፉና ደጉን ለመለየት የደረሰ እንዲሆን ይደነግጋል። ፀጉሩን ወላጅ ያቆይለታል፤ ቃል ኪዳኑን ግን የሚገባው ራሱ ነው።

ከቤታችን አጠገብ ለዓመታት የኖረ የሲክ ቤተሰብ አለና ነገሩን በቅርብ አይቼዋለሁ። ልጁ ትንሽ ሳለ ጠዋት ጠዋት እናቱ ከፊቷ ታስቀምጠውና እስከ ወገቡ የሚደርሰውን ፀጉሩን ፈትታ፣ ከጫፉ ጀምራ ወደ ላይ በእንጨት ማበጠሪያ ታበጥርለት ነበር። በማበጠሪያው የወጣውን ፀጉር ወለሉ ላይ አትጥለውም፤ በመዳፏ ሰብስባ ለብቻው ታኖረዋለች። ከዚያ ወደ ፊት ትገምደውና በአናቱ ላይ ጁራ የሚሉትን ቋጠሮ አሥራ፣ ፓትካ በተባለች ትንሽ ጨርቅ ትሸፍንለታለች። አድጎ ሙሉ ጥምጥም ማድረግ ሲጀምር ደግሞ አባትና ልጅ በኮሪደሩ ሁለት ጫፍ ቆመው ከአምስት ሜትር በላይ የሚሆነውን ጨርቅ ወጥረው በቁመቱ ያጥፉታል፤ ልጁ አንዱን ጫፍ በጥርሱ ይዞ ድርቡን በድርቡ ላይ እየደለደለ ይጠመጥማል፤ በቀጭን የብረት ዘንግ ደግሞ እጥፋቶቹን ያስተካክላል። ከተጣመመ ይፈታውና እንደገና ይጀምራል፤ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ አይጠብቅም። ልፋት እንዳለበት ልጁም አይክድም። ይበልጥ የሚያደክመው ግን «መቼ ነው የምትቆርጠው?» የሚለው የአዋቂዎች ጥያቄ እንደሆነ ነግሮኛል፤ ጠያቂዎቹም የፀጉር አስተካካይ ቤት ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ቁረጥ የሚሉት የራሱ አጎቶችም አሉበት። አቆየው የሚሉት ወላጆች ጫና ናቸው ከተባለ፣ ቁረጠው የሚለው ይህ ሁሉ ሰው፣ ማስታወቂያው፣ ፊልሙና የክፍል ጓደኛው ጫና የማይባልበት ምክንያት አይታየኝም።

«ተመልሶ ያድጋል» የሚለውም አባባል በሒሳብ ሲታይ ቀላል አይደለም። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ወይም ጥቂት በለጥ ያለ ነው የሚያድገው፤ ከወገብ ለመድረስ አምስትና ስድስት ዓመት ይፈጃል። በዐሥራ አምስት ዓመቱ የቆረጠ ልጅ ወደ ነበረበት ለመመለስ የጉርምስናውን ዘመን ይጨርሳል። ያቆየ ሰው ሐሳቡን በማንኛውም ቀን መለወጥ ይችላል፤ የቆረጠ ግን የለወጠውን ለመመለስ ዓመታት ያስፈልጉታል። ስለዚህ ለሚያመነታ ሰው የሚሰጠው ምክር «አሁን ቁረጥና ኋላ አስብበት» ሳይሆን የተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት። እስኪወስን ጥምጥሙን ራሱ ማሠር ይማር፤ የሚዘምረውን መዝሙር ትርጉም ይጠይቅ፤ ካቆዩትም ከቆረጡትም ታላላቆቹ ጋር ይነጋገር። አንድ መቀስ ለማንሣት ይህ ብዙ ጊዜ አይደለም።

ስለ ስፖርት፣ ስለ ሥራና ስለ ንጽሕና ያነሡት ብዙ አያነጋግርም። ቢሻን ሲንግ ቤዲ ፓትካውን አሥሮ ለሕንድ በክሪኬት ስፖርት፣ በአገራት መካከል በሚደረጉት የቴስት ግጥሚያዎች 266 ዊኬቶች ወስዷል፣ ማለትም 266 ጊዜ የተጋጣሚን መቺ አስወጥቷል፤ ፋውጃ ሲንግ በጥምጥሙና በነጭ ፂሙ በ2011 የቶሮንቶን ማራቶን ሲጨርስ የመቶ ዓመት አዛውንት ይባል ነበር፤ ማንሞሃን ሲንግም ከ2004 እስከ 2014 ሰማያዊ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ ሕንድን በጠቅላይ ሚኒስትርነት መርተዋል። ቋጠሮው ሲጠብቅ በግንባር በኩል ያለውን ፀጉር ሊያሳሳው መቻሉ እውነት ነው፤ መፍትሔውም አላልቶ ማሠር ነው።

ጸሐፊው ጉዳዩን የወንዶች ብቻ አድርገው ማየታቸው ግን ትልቅ ጉድለት ነው። የሲክ ሴት ጥምጥም ማድረግ አይገደድባትም፤ ፀጉርን አለመቁረጥ ግን እርሷንም ይመለከታል፤ የቅንድብ፣ የፊትና የእግር ፀጉርን ጭምር። ወንዱ በጥምጥሙ ይታወቃል፤ ቢያንስ በወገኖቹ ዘንድ ይከበርበታል። የፊቷን ፀጉር ያልነቀለች ልጃገረድ ግን ከውጭ ሰው ስድብ፣ ከውስጥ ሰው ደግሞ ዝምታ ይገጥማታል፤ ለእርሷ «ዳስታር ባንዲ» ተብሎ በዘመድ ፊት የሚከበር የጥምጥም ማሠሪያ በዓል ብዙ ጊዜ አይደረግላትም። ስለ ወጣት ሲኮች ውሳኔ የሚጻፍ ጽሑፍ ከእርሷ ቢጀምር የነገሩን ክብደት ይበልጥ ያሳይ ነበር።

ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ የምስማማበት አንድ ነጥብ አለ፤ እርሱም ማኅበረሰቡ የቆረጠውን ሰው የሚያሳድድበት ጊዜ መኖሩ ነው። በሕንድ የፑንጃብና ሃሪያና ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2009 በሰጠው ፍርድ፣ በሲኮች የሚተዳደር የሕክምና ኮሌጅ ቅንድቧን የተቀነደበችን ተማሪ ለሲኮች በተመደበው ቦታ አልቀበልም ማለቱን አጽድቋል። በ2016 የወጣው ማሻሻያ ሕግም ፀጉራቸውን የሚቆርጡ፣ ሳሃጅዳሪ የተባሉ አማኞች በቤተ ጸሎቶቹ አስተዳደር ምርጫ ድምፅ እንዳይሰጡ አድርጓል። አንድ ተቋም የአመራሮቹን ሥነ ምግባር በደንቡ ሊወስን ይችላል፤ ነገር ግን የሴት ልጅን ቅንድብ በፍርድ ቤት መመርመር ወጣቱን ከጉሩው አያቀርበውም። ከፍርሃት የተነሣ የቆየ ፀጉርም ከፍርሃት የተነሣ ከተቆረጠው አይሻልም ብዬ አምናለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ይህን ቢያስቡበት ጸሐፊው የፈሩላቸው ልጆች ብዙዎቹ ይቀሩላቸው ነበር።

ከዚህ ተነሥተው የደረሱበት «አንዴ ወስኖ መውጣት ይሻላል» የሚለው መደምደሚያ ግን ከራሳቸው ቃል ጋር ይጋጫል። ጥቂት አንቀጾች ቀደም ብለው ተመልሶ ስለሚያድግ የሚጎድል የለም ብለዋል፤ እዚህ ደግሞ መመለሻ የለም ይላሉ። እውነቱ ከሁለቱም ይለያል። ከሲኮች ብዙዎቹ አምሪት ያልተቀበሉ ናቸውና ፀጉሩን የቆረጠ ወጣት በአብዛኛው የጣሰው መሐላ የለም፤ ወላጆቹ ያዝኑበት ይሆናል እንጂ። ሬሃት ማርያዳ ሲክ ማለት በአንድ አምላክ፣ በዐሥሩ ጉሩዎች፣ በትምህርታቸው፣ በጉሩ ግራንት ሳሂብና ዐሥረኛው ጉሩ ባወረሱት አምሪት የሚያምን፣ ሌላ ሃይማኖት የማይከተል ሰው ነው ሲል ነው የሚተረጉመው። ፀጉሩን የተቆረጠ ልጅ እንደ ማንኛውም እንግዳ ራሱን በጨርቅ ሸፍኖ ጉርድዋራ ወደተባለው የሲኮች ቤተ ጸሎት መግባት፣ መዝሙር መስማት፣ ላንጋር በተባለው የነፃ ማዕድ ወለል ላይ ተቀምጦ መብላት፣ ሳሕን ማጠብና ሽንኩርት መክተፍ ይችላል። አምሪት ተቀብሎ የቆረጠ ሰው ደግሞ ሥርዓቱን በሚፈጽሙት አምስት ሰዎች ፊት ቀርቦ ጥፋቱን ተናግሮ፣ የሚሰጠውን ቅጣት ፈጽሞ እንደገና አምሪት እንዲቀበል ደንቡ ራሱ ፈቅዷል።